ዌብሌት፦ የኦፕን ሶርስ ሰነድ ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው

የኦፕን ሶርስ ፕሮግራሞችን ሰነድ ወደ አማርኛ መመለስ ለሚፈልግ ሰው በቅድሚያ የምንመክረው መሣሪያ በብራውዘር የሚሠራው የትርጉም መድረክ ዌብሌት ነው። ተርጓሚው ጊት (የፋይሎችን ለውጥ የሚመዘግበውን ፕሮግራም) ሳያውቅ፣ ፑል ሪኩዌስት («ለውጤን ተቀበሉ» የሚል ጥያቄ) ሳይከፍት፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ምንም ነገር ሳያስገባ የሠራው ሥራ በራሱ ስም ወደ ፕሮጀክቱ ሪፖዚተሪ (ፋይሎቹ ከነታሪካቸው ወደሚቀመጡበት ማከማቻ) ይገባለታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ዌብሌት የአማርኛን ጠባይ ሁሉ አያውቅም። እነ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «የ» ከፊት፣ እነ «ን»፣ «ም»፣ «ና» ከኋላ ተጣብቀው በሚሄዱበት ቋንቋ ላይ ሳያስጠነቅቅ የሚያሳልፋቸው ስሕተቶች አሉ። አንዳንዴም ትክክለኛውን አማርኛ ስሕተት ብሎ ይጮኻል። ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ሰው በመሣሪያው ብዙ ይሠራል፤ ያላወቀ ደግሞ በዌብሌት ላይ መቶ በመቶ አረንጓዴ (ያለቀ) የሆነ፣ ገጹ ላይ ሲወጣ ግን የተበላሸ ሰነድ ያስረክባል።

ዌብሌት ራሱ ኦፕን ሶርስ ነው። ሚካል ቺሃርዥ የተባለ ቼካዊ ፕሮግራመር በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋና ጃንጎ በተባለው ማዕቀፉ የተጻፈ፣ ጂፒኤል 3 በተባለው ነጻ ፈቃድ የሚሰራጭ ነው። ሊብሬኦፊስ (የቢሮ ፕሮግራም) እና ፌዶራ (የሊኑክስ ሥርዓት) ለየራሳቸው በተለየ ሰርቨር ላይ ይጠቀሙበታል። የጎዶት ጌም ሞተር ሰነድ ደግሞ የሚተረጎመው የዌብሌት ባለቤቶች በሚያስተዳድሩት የጋራ ሰርቨር ላይ ነው። ለተርጓሚ ክፍያ የለውም። ለፕሮጀክት ባለቤትም ፈቃዱ ነጻ ከሆነ በጋራው ሰርቨር ላይ አመልክቶ ሲጸድቅለት ያለ ክፍያ ይስተናገዳል። እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ አካውንት ስለሚፈልግ በሊብሬኦፊስ የተመዘገበ ሰው ለጎዶት እንደገና መመዝገብ አለበት።

ሰነድ ሲተረጎም ስክሪኑ ላይ የሚመጣው አሃድ «ስትሪንግ» ይባላል። በፕሮግራም ሜኑ ላይ ስትሪንግ አንድ ወይም ሁለት ቃል ነው። በሰነድ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ አንቀጽ ነው፤ አራትና አምስት ዓረፍተ ነገር በአንዴ ይመጣል። ከላይ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ፣ ከሥሩ የአማርኛው ሳጥን፣ በቀኝ በኩል በአንቀጹ ውስጥ የተገኙት የግሎሰሪ (የፕሮጀክቱ የቃላት ዝርዝር) ቃላት፣ ከዚያ በታች ደግሞ የስትሪንጉ መረጃ ይታያል። ጀማሪ ተርጓሚ ሳያየው የሚያልፈው ይኸኛውን የመጨረሻውን ነው። እዚያ ውስጥ አንቀጹ ከየትኛው ፋይልና ከስንተኛው መስመር እንደመጣ የሚያሳይ ሊንክ አለ። መጀመሪያ ያንን ከፍቶ ሙሉውን ገጽ ማንበብ ይገባል፤ ምክንያቱም «ይህን ካደረጉ በኋላ» የሚል ዓረፍተ ነገር «ይህን» የሚለው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ በትክክል አይተረጎምም። ከሳጥኑ ሥር ያለው ከፊትና ከኋላ ያሉትን ስትሪንጎች የሚያሳየው ትር (ታብ) ለዚሁም ይጠቅማል። ኮንትሮልን ከኤንተር ጋር ሲጫኑ ትርጉሙ ይቀመጥና ቀጣዩ ይመጣል። ተከታታይ ገጽ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ስትሪንጎቹን ሁሉ ከላይ ወደ ታች ደርድሮ የሚያሳየው «ዜን» የተባለው እይታ ይሻላል። ሰነድ የሚነበበው ተያይዞ ነውና የሚተረጎመውም ተያይዞ ቢሆን አማርኛው ይጠራል።

የዌብሌት ጥንካሬ ቼኮቹ ናቸው። ትርጉሙ በተቀመጠ ቁጥር ከዋናው ጽሑፍ ጋር ያመሳክረዋል፦ በእንግሊዝኛው መጨረሻ ነጥብ ካለ በአማርኛውም መኖሩን፣ ጥያቄ ከሆነ የጥያቄ ምልክት መኖሩን፣ ሊንክ እንዳልጠፋ፣ ኤክስኤምኤል ታግ እንዳልተሰበረ፣ ፕሮግራሙ በኋላ የሚሞላው ቦታ እንዳልተነካ፣ ባዶ ቦታ ሁለት ጊዜ እንዳልተመታ። አራት ነጥብን እንደ ዓረፍተ ነገር መዝጊያ ያውቀዋል፤ ስለዚህ «።» ተብሎ ሲዘጋ አይጮኽም።

አራት ነጥብን ሁለት ኮለን ደጋግመው የሚጽፉ ሰዎች ግን እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። በአጻጻፍ ልማድ «::» ብሎ ማለፍ በቴሌግራም ችግር የለውም። በስፊንክስ (የሰነድ ጽሑፍን ወደ ድረ ገጽ በሚቀይረው ፕሮግራም) የሚሠራ ሰነድ ግን በአርኤስቲ የአጻጻፍ ሥርዓት ስለሚጻፍ፣ በአንቀጽ መጨረሻ ላይ ያሉ ሁለት ኮለኖች «ከዚህ በታች ኮድ ይከተላል» የሚል ትእዛዝ ናቸው። ገጹ ሲሠራ አንዱ ኮለን ይበላና ዓረፍተ ነገሩ በነጠላ «:» ተዘግቶ ይወጣል። ዌብሌት የነጥቡን ቼክ አንሥቶ ያስጠነቅቃል፤ ብዙ ሰው ግን «አማርኛ ስለማያውቅ ነው» ብሎ ማስጠንቀቂያውን ይሰርዘዋል። ይሄኛው ማስጠንቀቂያ እውነት ነው። ኪቦርዱን አስተካክሎ እውነተኛውን «።» መጻፍ ብቻ ነው መፍትሔው። በተቃራኒው የእንግሊዝኛው አንቀጽ ራሱ በሁለት ኮለን ካለቀ በአማርኛውም እንዳለ ይቀመጥ እንጂ ወደ አራት ነጥብ አይቀየር።

በሐሰት ከሚጮኹት ውስጥ አንዱ የቃል ድግግሞሽ ቼክ ነው። ዌብሌት አንድ ቃል ተከታትሎ ሁለት ጊዜ ሲመጣ የእጅ ስሕተት ይመስለዋል። አማርኛ ደግሞ «ቶሎ ቶሎ»፣ «ትንሽ ትንሽ»፣ «አልፎ አልፎ» እያለ በድግግሞሽ ይናገራል። ይህን ቼክ በዚያ ስትሪንግ ላይ ብቻ መሰረዝ ይቻላል፤ ቃሉን ለቼኩ ሲባል መለወጥ አያስፈልግም። ሌላው የብዙ ቁጥር ቼክ ነው። የአማርኛ ደንብ ሁለት መልክ አለው፦ 0 እና 1 በነጠላው፣ ከዚያ በላይ ያለው በብዙው ይገባል። ተናጋሪው ግን ከቁጥር በኋላ «5 ፋይል» ማለት ይቀናዋል፤ ሁለቱን ሳጥኖች አንድ ዓይነት አድርጎ ሲሞላ ዌብሌት «መልኮቹ ተመሳሳይ ናቸው» ይላል። «5 ፋይሎች» ብሎ መጻፍም ትክክል ስለሆነ በዚህ ላይ ከመሣሪያው ጋር መከራከር አያዋጣም። የብዙ ቁጥር ሳጥን ደግሞ የሚመጣው በፕሮግራሙ መልእክቶች ላይ እንጂ በሰነድ አንቀጽ ላይ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር።

የስፊንክስ ሰነድ ውስጥ የትእዛዝ ስም በሁለት በሁለት ባክቲክ (`) ይታጠራል። እንግሊዝኛ «በ» የሚለውን ለብቻው አቁሞ፣ ባዶ ቦታ ትቶ፣ ከዚያ የታጠረውን ስም ያስከትላል። አማርኛ ግን ያጣብቃል። ተርጓሚው ሳያስበው እንዲህ ይጽፋል (በምሳሌዎቹ የትእዛዙን ስም በፊደላችን ጻፍነው እንጂ በሰነዱ ውስጥ በላቲን ነው)፦

በ``ጊት``ን

የአርኤስቲ ሕግ እንዲህ ይላል፦ መክፈቻው ምልክት ከፊቱ ባዶ ቦታ ወይም ሥርዓተ ነጥብ፣ መዝጊያውም ከኋላው እንዲሁ ባዶ ቦታ ወይም ሥርዓተ ነጥብ ያስፈልገዋል። «በ» ፊደል ነው፤ ስለዚህ ባክቲኮቹ እንደ ምልክት አይቆጠሩም፤ ገጹ ላይ እንደ ተራ ጽሑፍ ከነባክቲካቸው ይወጣሉ። ይህ ስሕተት የሚያሳስበው ድምፅ የሌለው በመሆኑ ነው። መክፈቻው ስላልታወቀ መዝጊያ የሚፈልግ የለም፤ ስለዚህ ሰነዱ ሲገነባ ማስጠንቀቂያ አይወጣም። ፊቱ ባዶ ሆኖ «ን» ከኋላ ብቻ ሲጣበቅ ግን ነገሩ ይለያል፦ መክፈቻው ይታወቃል፣ መዝጊያው ይጠፋል፣ ሰነዱን የሚገነባው ስፊንክስም «የተከፈተው አልተዘጋም» ብሎ ይናገራል። ከሁለቱ የሚከፋው የማይናገረው ነው። ወደ ሌላ ገጽ በሚመራ ሊንክ ላይ «ከ» ወይም «ወደ» ከተጣበቀ ደግሞ ሊንኩ ራሱ ይሞታል። የዌብሌት ቼክ የሚያየው ማመሳከሪያው በትርጉሙ ውስጥ መኖሩን ስለሆነ ሁልጊዜ አይይዘውም።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው በፊደሉና በምልክቱ መካከል ባክስላሽ እና አንድ ባዶ ቦታ ማስገባት ነው፦

በ\ ``ጊት``\ ን

ገጹ ሲሠራ ባክስላሹም ባዶ ቦታውም ይጠፋሉ፤ አንባቢው ተጣብቆ ያየዋል። በዌብሌት ሳጥን ውስጥ አንድ ባክስላሽ ይበቃል። ፒኦ ፋይሉን (ዋናው ጽሑፍና ትርጉሙ አብረው የሚቀመጡበትን ፋይል) አውርዶ በተራ ጽሑፍ ማረሚያ የሚከፍት ሰው ግን እያንዳንዱን ባክስላሽ ሁለት አድርጎ መጻፍ አለበት፤ ዌብሌት ሲያስቀምጠው ያንን በራሱ ያደርገዋል፣ በእጅ ሲጻፍ ግን የሚያደርገው የለም።

ሁለተኛው መፍትሔ የምንመርጠው ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን ማዞር። አማርኛ ለዚህ ተሰጥኦ አለው። «በ» እና «ን» የሚሸከም ቃል ከስሙ በኋላ ማምጣት ይቻላል፦ ``ጊት ፑል`` የሚለውን ትእዛዝ ያስኪዱ፤ ``ኮንፍ`` በተባለው ፋይል ውስጥ ይጻፉ፤ ``ዴቭ`` ከሚለው ቅርንጫፍ ይነሡ። የታጠረው ስም ነጻ ሆኖ ይቆማል፣ ምልክቱም አይሰበርም፣ አንባቢውም የላቲን ፊደል ላይ የተለጠፈ «ን» ከማንበብ ይድናል። ዓረፍተ ነገሩ በሁለት ቃል ይረዝማል፤ ዋጋው ይኸው ነው። ከሥርዓተ ነጥብ በኩል ሥጋት የለም፤ «።»፣ «፣» እና «፤» በአርኤስቲ እንደ ሥርዓተ ነጥብ ስለሚታወቁ ከመዝጊያው ጋር ቢጣበቁ ምንም አይሆኑም።

ማርክዳውን በተባለው ሌላ የአጻጻፍ ሥርዓት ላይ ሕጉ ላላ ያለ ነው። ነጠላ ባክቲክ ከፊደል ጋር ቢጣበቅም ይሠራል፤ ደማቅ የሚያደርገው ድርብ ኮከብም «በ**ፋይል**ን» ተብሎ ቢጻፍ ይሠራል። የማይሠራው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ከኮከብ ይልቅ የሥር መስመር ለሚጠቀሙ፦ የሥር መስመር በቃል መካከል አይሠራም፤ ስለዚህ «በ_ፋይል_ን» እንዳለ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ደማቁ ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ካለቀ በኋላ ባዶ ቦታ ሳይተው ቀጣዩ ቃል ከተጻፈ፦ «**ፋይሉን ይክፈቱ።**ከዚያም» ሲባል መዝጊያው ኮከብ ከፊቱ ሥርዓተ ነጥብ፣ ከኋላው ፊደል ስላለ እንደ መዝጊያ አይቆጠርም። አራት ነጥቡን ከኮከቦቹ ውጭ ማውጣት ወይም ባዶ ቦታ መተው ይበቃል። ስለ ዘመም ጽሑፍ አንድ ነገር፦ የግዕዝ ፊደል በባህሉ ዘመም የለውም፤ ኮምፒዩተሩ ፊደሉን በጉልበት አጋድሞ ያወጣዋል፤ ለዓይንም አይመችም። ፕሮጀክቱ ከፈቀደ ዘመሙን በትእምርተ ጥቅስ መተካት ይሻላል፤ ግን መጀመሪያ ይጠየቅ፣ ምክንያቱም ዌብሌት የማርክዳውን ምልክት ጠፍቷል ብሎ ሊያስጠነቅቅ ይችላል።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ቃላት ነው። እዚህ ላይ ዌብሌት ዕቃውን ይሰጣል እንጂ ሥራውን አይሠራም።

እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱ ግሎሰሪ አለው። ቃል ሲጨመር ማብራሪያ ይጻፍለታል፤ «አይተረጎምም» ወይም «ይህ ትርጉም የተከለከለ ነው» ተብሎም ምልክት ሊደረግበት ይችላል። የአማርኛው ግሎሰሪ ባዶ ሆኖ ሥራ ከተጀመረ ግን ሦስት ተርጓሚ ሦስት ሰነድ ይጽፋል። አንድ ምሳሌ ብቻ እንውሰድ፦ «መጫን»። በአማርኛ በተን ላይ ጣት ማሳረፍ መጫን ነው። ፕሮግራም ኮምፒዩተር ላይ ማስገባትም መጫን ነው። ገጽ እስኪከፈት መጠበቅም «እየጫነ ነው» ይባላል። ሦስቱ በአንድ አንቀጽ ሲገናኙ «ለመጫን ጫንን ይጫኑ» የሚል ነገር ይወለዳል፤ አንባቢውም ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ግሎሰሪው ላይ መወሰን ያለበት እንዲህ ነው፦ በማውስ ሲሆን «ጠቅ ያድርጉ»፣ በኪቦርድ ሲሆን «ይጫኑ»፣ ፕሮግራም ሲሆን «ያስገቡ» ወይም «ኢንስቶል ያድርጉ»፣ ገጽ ሲሆን «እየከፈተ ነው»። ከእነዚህ የትኛውም ምርጫ ፍጹም አይደለም፤ ግን ተመርጦ ከተጻፈ ሰነዱ አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል።

ሠላሳና አርባ ቃል ሳይወሰን የመጀመሪያው አንቀጽ ባይነካ እንመክራለን። በዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባት ያለባቸው፦ ፋይል፣ ፎልደር፣ ማስቀመጥ፣ ማስኬድ፣ ማውረድ፣ መስቀል፣ ቅንብር፣ መለያ፣ ቅርንጫፍ፣ ኮሚት፣ ሪፖዚተሪ የመሳሰሉት ናቸው። ተናጋሪው በየቀኑ በእንግሊዝኛው ስም የሚጠራውን ነገር በግድ አማርኛ ማድረግ አንባቢውን ከፕሮግራሙ ይለየዋል። «ሕብረቁምፊ» የሚለው ቃል በአማርኛ ገጾች ላይ ይታያል፤ ስትሪንግ ማለት መሆኑን የሚያውቀው ግን ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ራሱ ጥቂት ነው። ትእዛዞችና የፋይል ስሞች ደግሞ ኮምፒዩተሩ የሚያነባቸው ስለሆኑ በሰነዱ ውስጥ በላቲን ፊደል እንዳሉ ይቆያሉ። የበተንና የሜኑ ስሞችም የራሳቸው ሕግ አላቸው፦ ፕሮግራሙ አማርኛ ገጽታ ካለው ሰነዱ ያንኑ ስም በፊደል ሳይቀር መድገም አለበት፤ ከሌለው የእንግሊዝኛው ስም ይቀመጥ። አንባቢው ስክሪኑ ላይ የሌለ በተን ሲፈልግ የሚውለው እዚህ ላይ ስሕተት ሲሠራ ነው።

ግሎሰሪው መከበሩን የሚያረጋግጥ ቼክም አለ፤ በፕሮጀክቱ አስተዳዳሪ ይበራል። ለአማርኛ ግን እንዳይበራ እንመክራለን። ቼኩ የሚፈልገው ቃሉን በተጻፈበት መልክ ነው። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢና አናባቢ በአንድ ላይ የተሸከመ በመሆኑ ቃሉ ሲረባ የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል። «ፋይል» ሲበዛ «ፋይሎች» ይሆናል፤ «ል» ወደ «ሎ» ሄዷል። «ፋይሉ» ሲሆን ወደ «ሉ» ሄዷል። ለኮምፒዩተሩ በ«ፋይሎች» ውስጥ «ፋይል» የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ ትክክለኛውን ትርጉም ስሕተት ይለዋል። ማስጠንቀቂያው ሲበዛ ደግሞ ሰው ሁሉንም መሰረዝ ይለምዳል፣ እውነተኛውም አብሮ ይሰረዛል።

ፊደል ሳለን፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። «ሰነድ» እና «ሠነድ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ቀድሞ የተሠሩ ትርጉሞች ለሚከማቹበት የዌብሌት የትርጉም ማኅደርና ለሰነዱ የመፈለጊያ ሳጥን ግን ሁለት ቃላት ናቸው። አንዱ ተመርጦ በግሎሰሪው ማብራሪያ ላይ ይጻፍ። በትእዛዝ አንቀጽም እንዲሁ፦ «ክፈት» ወንድን፣ «ክፈቺ» ሴትን ብቻ ስለሚያናግር ሰነድ «ይክፈቱ» ብሎ ቢጸና ሁሉንም ያዳርሳል።

ከሳጥኑ ሥር ሌላ ትር አለ፤ ከትርጉም ማኅደርና ሰርቨሩ ላይ ከተገናኙ የማሽን ትርጉም አገልግሎቶች ሐሳብ ያመጣል። ከማኅደሩ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ጠቃሚ ነው፤ በሰው እጅ ያለፈ ነውና። የማሽኑን ግን እንደ ረቂቅ እንጂ እንደ ትርጉም መቀበል አደገኛ ነው። ኮሚትን (በጊት የተመዘገበ ለውጥን) «ቁርጠኝነት» ሊለው፣ በባክቲክ የታጠረውን ትእዛዝ ሊተረጉመው፣ ሊንኩን ሊበትነው ይችላል። ዓረፍተ ነገሩ ለስለስ ብሎ ስለሚነበብ ስሕተቱ ቶሎ አይታይም። በአንድ ጠቅታ ሃምሳ አንቀጽ የሞላ ሰው ለሚቀጥለው አራሚ ከባዶ ገጽ የባሰ ሥራ ነው የሚተውለት።

የእንግሊዝኛው ሰነድ ሲለወጥ ዌብሌት የሚሠራው ነገር በጣም ደስ ይላል። የተለወጠውን አንቀጽ የአማርኛ ትርጉም አይጥለውም፤ «መታረም አለበት» የሚል ምልክት ያደርግበትና የቀድሞውንና የአሁኑን እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ቀለም ቀብቶ ያሳያል። አንድ ኮማ ብቻ ተነሥታ ከሆነ በሁለት ሰከንድ ማለፍ ይቻላል። ተርጓሚው ራሱ በእንግሊዝኛው ላይ ስሕተት ካገኘ ደግሞ በአማርኛው ውስጥ ዝም ብሎ አያርመው፤ አስተያየት መጻፊያው ላይ «ስለ ዋናው ጽሑፍ» የሚለውን መርጦ ይጻፍ። ያን ጊዜ የሚደርሰው ለፕሮጀክቱ ባለቤቶች ነው፤ ሲያርሙት ሌሎቹ ቋንቋዎች ሁሉ ይጠቀማሉ። ሰነድን በሚገባ አንብቦ የሚጨርሰው ተርጓሚ ስለሆነ ከዚህ መንገድ የሚገኘው እርማት ብዙ ነው።

ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ሰው ሥራውን አውርዶ መሥራት ይቻላል። ፒኦ ፋይሉን አውርዶ ፖኤዲት በተባለው የትርጉም ፕሮግራም መክፈት፣ መተርጎም፣ መልሶ መስቀል። ሲሰቀል ሁለት ጥያቄ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው። እንደ ትርጉም ይግባ ወይስ እንደ ሐሳብ? በዚያ መካከል ሌላ ሰው የተረጎመው ካለስ ምን ይደረግ? «ያልተተረጎሙትን ብቻ ለውጥ» የሚለው አስተማማኙ ነው። «ፋይሉን ሙሉ በሙሉ ተካ» የሚለውን የመረጠ ሰው ግን ፋይሉን ካወረደ ወዲህ ሌሎች የሠሩትን በራሱ አሮጌ ቅጂ ይሸፍንባቸዋል።

ከዌብሌት ውጭ ውጤቱን ማየት ለሚፈልግ፣ በተለይ የባክቲኩን ጉዳይ ለማረጋገጥ፣ ሰነዱን በራስ ኮምፒዩተር መገንባት ይገባል። ዌብሌት ራሱ የተጠናቀቀውን ገጽ አያሳይም፤ ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው። ለስፊንክስ ሰነድ መንገዱ ይህ ነው፦ ሪፖዚተሪውን ማውረድ፣ ፓይተንና ስፊንክስን ማዘጋጀት፣ ከዌብሌት የወረደውን ፒኦ ፋይል ብዙ ጊዜ «ሎኬል» ወይም «ሎኬልስ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ በአማርኛ ኮድ በተሰየመው ንዑስ ፎልደር ሥር «ኤልሲ ሜሴጅስ» ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ቋንቋውን አማርኛ አድርጎ ኤችቲኤምኤል እንዲያወጣ ማዘዝ። ትርጉሙ ካልታየ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ የፎልደሩ መንገድ በሰነዱ ቅንብር ፋይል ውስጥ ካለው አይገጥምም፤ ወይም አንቀጹ «መታረም አለበት» የሚል ምልክት ስላለበት ስፊንክስ ዘልሎታል።

አማርኛ በዝርዝሩ ላይ ከሌለ «አዲስ ትርጉም ጀምር» የሚል በተን አለ። አንዳንድ ፕሮጀክት ወዲያው ፋይል ይከፍታል፤ አንዳንዱ ጥያቄውን ለአስተዳዳሪ ይልካል። በስፊንክስ ሰነድ እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ኮምፖነንት (በዌብሌት ራሱን ችሎ የሚተረጎም ክፍል) ሊሆን ስለሚችል አማርኛ በአንዱ ተከፍቶ በሌሎቹ ላይኖር ይችላል፤ የጎደሉ ቋንቋዎችን በየቦታው የሚጨምር አድኦን (ተጨማሪ መሣሪያ) ስላለ አስተዳዳሪው እንዲያበራው መጠየቅ ነው። ከየት እንደሚጀመር ለሚጠይቅ የፓይተን ማኅበረሰብ በ2017 እ.ኤ.አ. በፔፕ 545 (የፓይተን ማሻሻያ ሐሳብ ሰነድ) ያስቀመጠው ደንብ ጥሩ መለኪያ ነው። አንድ ቋንቋ በፓይተን ይፋዊ ሰነድ የቋንቋ መምረጫ ላይ እንዲወጣ መጀመሪያ ማለቅ ያለባቸው የስሕተት ማሳወቂያው ገጽ፣ መማሪያው እና የአብሮ ገነብ ፋንክሽኖች ገጽ ናቸው። ፓይተን ለዚህ ዌብሌትን የግድ አይልም፤ ሐሳቡ ግን ለማንኛውም ሰነድ ይሠራል፦ ጀማሪው የሚከፍተው ገጽ ሙሉ ይሁን፣ ከመቶ ገጽ አሥር አሥር መስመር ከመቀባት።

ከሌሎቹ የትርጉም መድረኮች ጋር ሲነጻጸር፦ ክራውዲን ገጽታው ያምራል፣ ትራንሲፌክስም ሰፊ ነው፤ ሁለቱም ግን ዝግ ሶፍትዌር ናቸው። ፖንቱን የሞዚላ ነው፤ ለሞዚላ ሥራ ጥሩ ነው። ሊብሬኦፊስ ከዌብሌት በፊት ይሠራበት የነበረው ፑትል ዛሬ ለአዲስ ሥራ የሚመረጥ አይደለም።

ከመመዝገብ በፊት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ትርጉሙ እንደተቀመጠ ወዲያው ሪፖዚተሪው ውስጥ አይታይም። ዌብሌት ለውጦችን ይዞ ይቆይና ያጠራቅማቸዋል፤ ካልተቀየረ በስተቀር የጊዜው ልክ 24 ሰዓት ነው፤ ሌላ ሰው ያንኑ ስትሪንግ ከነካው ወይም ከዋናው ሪፖዚተሪ አዲስ ነገር ከመጣ ቀደም ብሎ ይገባል። ስለዚህ «ሥራዬ ጠፋ» ብሎ ያንኑ ፋይል በጊት በኩል እንደገና መላክ የመርጅ ግጭት (ሁለቱ ለውጦች መዋሃድ አለመቻል) ይፈጥራል፤ ኮምፖነንቱም ተቆልፎ አስተዳዳሪው እስኪያስተካክለው ማንም አይሠራበትም። ከሁለቱ መንገድ አንዱን መርጦ መጽናት ነው። ሥራው ሲገባ ደግሞ የተርጓሚው ስምና ኢሜይል በኮሚቱ ላይ ይጻፋል፤ በሕዝብ ፊት ያለ ታሪክ ስለሆነም በኋላ አይጠፋም። አካውንቱ ቅንብር ውስጥ ለኮሚት የሚውለውን ኢሜይል ለይቶ መምረጥ ይቻላል፤ ሰርቨሩ የሚሰጠው የግል አድራሻ ካለም እሱን ማድረግ ይሻላል። ይህ መደረግ ያለበት የመጀመሪያው አንቀጽ ከመቀመጡ በፊት ነው።